አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አማርኛው ደቀቀብኝ፤ «አለበት»ን ከ«አለባት» መለየት ቸገረኝ

ግልባጭ_ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ዳኞች በእጃቸው የጻፉትን ውሳኔ እተይባለሁ፣ ባለጉዳይ ሲጠይቅ የውሳኔ ግልባጭ አዘጋጃለሁ። በቅርቡ መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ወስዶ ባለ 14 ኢንች አዲስ ሰጠኝ። ማሽኑ ፈጣን ነው፣ ስክሪኑም ጥርት ያለ ነው። ጽሑፉ ሁሉ ግን ደቀቀብኝ። እንግሊዝኛውን ብዙም ሳልቸገር አነበዋለሁ፤ ያስቸገረኝ አማርኛው ነው። «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሊ» እና «ሌ» ይምታቱብኛል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «አለበት» እና «አለባት» ነው። በባልና ሚስት ክርክር ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያች አንዲት ፊደል ነው። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ስህተት ማረም ለባለጉዳዩ ሌላ ምልልስ፣ ሌላ ወጪ ነው።

ዕድሜዬ 47 ነው። ከመንገድ ዳር የተገዛ የንባብ መነጽር አለኝ። የምታውቁ ምከሩኝ።

ፈጣን_እጅ

ይሄማ ቀላል ነው እህቴ። ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊ፣ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ ግቢና ሪዞሉሽኑን ወደ 1366 በ768 አውርጂው። ሁሉም ነገር ወዲያው ይተልቃል። እኛ ቢሮ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠቀመው።

ጥገና_ፒያሳ

እትዬ፣ እባክዎ ሪዞሉሽኑን አይንኩት። ሱቄ ውስጥ «ስክሪኑ ደብዝዟል፣ ቀይሩልኝ» ተብለው ከሚመጡልኝ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ስክሪናቸው ደህና ነው፤ የወረደው ሪዞሉሽናቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስክሪኑ ነጥቦች ፋብሪካ ውስጥ የተተከሉ ናቸው። 1920 በ1080 ሆኖ የተሠራ ስክሪን ሁልጊዜም ያንኑ ያህል ነጥብ ነው ያለው። ወደ 1366 ሲያወርዱት ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን የምስል ነጥብ 1.4 በሚያህል የስክሪን ነጥብ ላይ ለመዘርጋት ይገደዳል። ከነጥብ ላይ ቁራሽ የለም፤ ስለዚህ ጠርዙን በግራጫ ይሞላዋል። ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። እርስዎ የሚፈልጓት ትንሿ ቀለበትና ሰረዝ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

የደቀቀበትንም ምክንያት ልንገርዎ። አሮጌው 15.6 ኢንች ስክሪን እንደ ብዙዎቹ 1366 በ768 ከነበረ በአንድ ኢንች ውስጥ 100 ገደማ ነጥብ አለው። አዲሱ 14 ኢንች 1920 በ1080 ከሆነ 157 ገደማ ነው። ዊንዶውስ ስኬሉ 100 ከመቶ ላይ ከተተወ ለአንድ ፊደል የሚመድበው የነጥብ ቁጥር በሁለቱም ማሽን ላይ እኩል ነው። ነጥቡ ራሱ ስላነሰ ፊደሉ የበፊቱን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዓይኔ በአንድ ጊዜ ደከመ ብለው አይጨነቁ፤ ፊደሉ በእርግጥ አንሷል።

መፍትሔው እዚያው ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ «ስኬል» የሚለው ነው። 150 ከመቶ ያድርጉት። ፊደሉ መጠኑ ከአሮጌው ጋር ይቀራረባል፤ የሚስሉት ነጥቦች ግን በቁመትም በወርድም አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚሆኑ ይበልጥ ይጠራል። ካነሰብዎ 175 ይሞክሩ። ከዚያ ከዊንዶውስ ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ያን ጊዜ ነው የሚስተካከሉት።

ሌላው «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ «ቴክስት ሳይዝ» የሚል ተንሸራታች አለ፤ ከ100 እስከ 225 ከመቶ ይሄዳል። እሱ የሜኑና የፋይል ስሞችን ጽሑፍ ብቻ ያተልቃል፣ ሥዕልና ቁልፎችን ብዙም አይነካም። የፋይል ስም እየደቀቀባቸው የተሳሳተ መዝገብ ለሚከፍቱ ሰዎች ይህ ብቻውን ትልቅ ዕረፍት ነው።

ግልባጭ_ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስኬሉ 100 ላይ ነበር፤ 150 አደረግኩት፣ ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። ወርድ ውስጥ (የምተይብበት ፕሮግራም ነው) ግን ገና ነው። ዙም ስጨምር መስመሩ በቀኝ በኩል ከስክሪኑ ይወጣና ወዲያና ወዲህ እየገፋሁ ነው የማነበው። የፊደሉን መጠን 16 ባደርገው ደግሞ የገጹ ብዛት ይለወጣል፤ የግልባጩ ገጽ ቁጥር መለወጥ የለበትም።

መምህር_ተኮላ

የፊደል መጠኑን በፍጹም አትንኪው። ዙም የሚነካው ስክሪኑን ብቻ ነው፤ ህትመቱ ባለበት ይቀራል። መስመሩ ከጎን እንዳይወጣ ስታነቢ «ቪው» ውስጥ ገብተሽ «ዌብ ሌይአውት» የሚለውን ምረጪ። እዚያ ዙሙን 200 ብታደርጊውም መስመሩ በመስኮቱ ስፋት ይታጠፋል። ጨርሰሽ ልታትሚ ስትይ ወደ «ፕሪንት ሌይአውት» ትመልሺዋለሽ፤ ገጹ እንደነበረ ታገኚዋለሽ። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲያርሙ በዚህ መንገድ ነው የማሠራቸው።

ሂሳብ_ክፍል

ክሩን ልጥለፍ እንጂ፣ የእኔም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የምንጠቀምበት የሂሳብ ፕሮግራም አሮጌ ነው። ስኬሉን 150 ካደረግኩ በኋላ ሌላው ሁሉ ጥሩ ሆኖ እሱ ብቻ ብዥ አለ። 3 እና 8 እየተቀላቀሉብኝ ነው፤ ይህ ደግሞ በሂሳብ ሥራ የማይታለፍ ነገር ነው።

ጥገና_ፒያሳ

የድሮ ፕሮግራሞች ስኬል የሚባለውን አያውቁትም። ዊንዶውስ በ100 እንዲስሉ ይተዋቸውና ምስሉን እንደ ፎቶ ይለጥጠዋል፤ ብዥታው ከዚያ ነው። የፕሮግራሙ ምልክት ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡ። ከታች «ኦቨርራይድ» የሚለውን ምልክት አድርገው ከዝርዝሩ «ሲስተም፣ ኤንሃንስድ» ይምረጡ። ዊንዶውስ ጽሑፉን ከመለጠጥ ይልቅ በትልቁ እንደ አዲስ እንዲስለው ያደርጋል። ሁሉም ፕሮግራም ላይ አይሠራም፣ ግን ብዙ የድሮ የቢሮ ፕሮግራሞች ይጠሩለታል። ካልሠራ ወደ ነበረበት መመለስ ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለም።

ሂሳብ_ክፍል

ሠርቷል። ሰንጠረዡ ትንሽ ቦታ ለቀቀ፣ ቁጥሮቹ ግን ጠሩ። ተባረክ ወንድሜ።

ፈጣን_እጅ

እሺ ሪዞሉሽኑን ተውኩት፣ ተምሬያለሁ። ግን እህታችን አማርኛው ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ ብላለች። ጽሑፉን ሁሉ ቦልድ ብታደርገውስ? ይወፍራል፣ ይታያል።

ፊደል_ነዳፊ

ቦልዱ ላይ መልስ ከመስጠቴ በፊት «አማርኛው ብቻ ለምን» የሚለውን ላንሳ፤ ሥራዬ የኢትዮጵያ ፊደል መንደፍ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ዘወትር የምኖረው ነው።

የላቲን ፊደል ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ትንንሾቹ ፊደላት ቁመታቸውም ይለያያል። «ኤል» ወደ ላይ፣ «ፒ» ወደ ታች ይወጣል፤ ዓይን ፊደሉን ሳይለይ የቃሉን ቅርጽ ይይዛል። የእኛ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነታቸው የተቀመጠው በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ነው። «ቡ» ከ«ቢ» የሚለየው ሰረዙ ወገብ ላይ ወይም እግር ሥር በመሆኑ ነው። «ቤ» ከ«ቢ» የሚለየው ሰረዙ ቀለበት በመሆኑ ነው። «በ» ሁለት እኩል እግር አለው፤ «ባ» የግራ እግሩ አጠር ይላል፤ «ቦ» የቀኙ። «ሰ»ን «ሸ»፣ «ተ»ን «ቸ»፣ «ነ»ን «ኘ» የሚያደርገው ከላይ የምትጨመር አንዲት ጭረት ናት። እህታችን የጠቀሰችው «አለበት» እና «አለባት» በትንሽ መጠን ሲጻፍ ልዩነቱ አንድ ሁለት ነጥብ ነው። ስለዚህ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር በአንድ መጠን ቁጥር ሲጻፍ እኩል ይነበባል ማለት አይደለም። ይህን የቢሮ ኃላፊዎችም፣ የድረ ገጽ ሠሪዎችም ከልባቸው ቢቀበሉት የብዙ ሰው ዓይን ያርፍ ነበር።

አሁን ወደ ቦልዱ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 (እ.ኤ.አ.) የመጣው ንያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ቦልድ ሲያደርጉት ኮምፒውተሩ ፊደሉን ራሱ ያወፍረዋል፤ የተነደፈ ወፍራም ቅርጽ አይደለም። ውጤቱ «ቤ» ላይ ያለው ቀለበት ውስጡ ተሞልቶ «ቢ» መምሰሉ ነው። ለማንበብ ብለን ያወፈርነው ይበልጥ ያምታታናል።

ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የኢትዮጵያ ፊደል አለው፤ ራሱን የቻለ ቦልድም ተነድፎለታል፤ ለስክሪን የተሠራ ስለሆነ በትንሽ መጠንም ይጸናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ በነጻ የሚወርድ ሲሆን ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ዘጠኝ ውፍረት አለው። ለእርስዎ የምመክረው ኖቶ ሳንስን «ሚዲየም» ውፍረት ላይ ነው፤ ከተራው በትንሹ ጠንከር ይላል፣ ቀለበቶቹ ግን ክፍት ናቸው። ቢሮው የሚጠይቀው ፊደል ሌላ ከሆነ ሲተይቡና ሲያርሙ በኖቶ ይሥሩ፣ ሲያትሙ ወደሚጠየቀው ይቀይሩት።

የመስመር ርቀትንም አይርሱ። ፊደላችን ቦታውን ከላይ እስከ ታች ስለሚሞላ መስመሮች ሲጠጋጉ ዓይን መስመር ይስታል። ሲያነቡ 1.5 ያድርጉት፤ ሲያትሙ ወደነበረበት ይመልሱት።

ግልባጭ_ጸሐፊ

የፊደሉ ነገር ልቤን ነካኝ። ሁልጊዜ «አማርኛ ማንበብ ለምን ይከብደኛል» ብዬ ራሴን ነበር የምወቅሰው። ኖቶን አወረድኩ። አንድ ጥያቄ፦ ከሌላ ቢሮ በንያላ ተጽፎ የመጣ ፋይል እኔ ጋ ስከፍተው የገጹ ብዛት ይለወጣል፤ ለምን?

ፊደል_ነዳፊ

ንያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አብሮ አይጫንም። ከሌለ ወርድ በሌላ ይተካዋል፤ የሌላው ፊደል ስፋትና ቁመት ስለሚለይ መስመሩ ይፈናቀላል። ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለው ይፈልጉና «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ይጨምሩ። ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ነጻ ነው።

ኦፕቶሜትሪ_ጎንደር

ስለ መነጽሩ ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳው። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ በቅርብ ማየት ይከብዳል። በሽታ አይደለም፣ ሁላችንም የምንደርስበት ነው። የንባብ መነጽር የሚሠራው ለመጽሐፍ ርቀት ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። የኮምፒውተር ስክሪን ግን ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይርቃል።

በቁጥር ልንገርዎት። 2.50 ዳዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ ነው) የሆነ ሌንስ አጥርቶ የሚያሳየው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። 1.50 የሆነው 67 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። በመጽሐፍ መነጽር ስክሪን የሚያነብ ሰው ሳያውቀው አንገቱን ወደ ፊት ይሰግጋል፤ ማታ ማታ አንገቴን፣ ትከሻዬን የሚል ሕመም ከዚህ የሚመጣባቸው ብዙ ናቸው። በ47 ዓመት ዓይንዎ የራሱ የቀረ አቅም ስላለው ትክክለኛው ቁጥር በምርመራ ነው የሚታወቀው። ሲመረመሩ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ለክተው ይሂዱና «ለዚህ ርቀት ነው የምፈልገው» ይበሉ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚሰጥዎትን መነጽር ትለውጠዋለች።

የመንገድ ዳሩ መነጽር ለሁለቱም ዓይን አንድ ቁጥር ነው። ሁለቱ ዓይኖችዎ የሚለያዩ ከሆነ፣ ወይም አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ክብ አለመሆን) ካለ፣ እሱ አያርመውም። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ደግሞ የፊደሉ ጭረት በአንድ አቅጣጫ ይደበዝዝበታል፤ በእኛ ፊደል ይህ ከባድ ጉዳት ነው።

ሌላው፣ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን መርገብገብ እንቀንሳለን፤ ዓይን ይደርቃል፣ ጽሑፉ ከሰዓት በኋላ ይደበዝዛል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ነገር መመልከት ይረዳል። መስኮት ከጀርባዎ ካለ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያርፋልና ጠረጴዛውን ወደ ጎን ያዙሩት።

ድንገት በአንድ ዓይን ብቻ ከደበዘዘ ወይም መስመር ከተጣመመብዎት ግን ሴቲንግስ አይነካኩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ሌሊት_ኮደር

ዶክተር፣ ዳርክ ሞድስ? እኔ ጥቁር ላይ ነጭ ካልሆነ አልሠራም። ለእሷም እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ኦፕቶሜትሪ_ጎንደር

ለእርስዎ ከተስማማዎት ይቀጥሉ። በጥቁር ስክሪን ላይ ግን የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ሲሰፋ የዓይን ጉድለት ሁሉ ይጎላል። አስቲግማቲዝም ያለባቸው ሰዎች ነጩ ፊደል ዙሪያውን ሲፈስ ያዩታል። የሞራ ግርዶሽ የጀመራቸው አንዳንዶች ደግሞ ብርሃኑ ስለሚቀንስላቸው ጥቁሩን ይወዱታል። እህታችን ገና ስላልተመረመሩ በነጭ ላይ ጥቁር ይዘው፣ የስክሪኑን ብርሃን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ቢያመጣጥኑ እመርጣለሁ።

ቨርጂኒያ_ልጅ

እኔ የምጨምረው ስለ ድረ ገጽ ነው። እናቴ እዚህ አሜሪካ ዜና በአማርኛ ነው የምታነበው፣ ኮምፒውተር ላይ። ኮንትሮልን ይዞ የመደመር ምልክቱን መጫን እንዳለ አስተምሬያታለሁ፤ ግን አዲስ ገጽ በተከፈተ ቁጥር መድገም ሰለቻት። ፋየርፎክስ ውስጥ ያገኘሁት ነገር አሳረፋት። ሴቲንግስ፣ ፎንትስ፣ «አድቫንስድ» ሲሉት ከላይ የፊደል ዓይነት ዝርዝር ይመጣል፤ ውስጡ «ኢትዮፒክ» አለ። ለእሱ ብቻ ኖቶን መረጥኩ፣ ትንሹን መጠን 20 አደረግኩት። እንግሊዝኛው ባለበት ነው፤ አማርኛው ግን ከ20 በታች አይወርድም።

አንዳንድ የአማርኛ ገጾች ላይ ግን አይሠራም። ምክንያቱን የሚያውቅ አለ?

ሌሊት_ኮደር

ምክንያቱ ገጹ ራሱ ነው። ፋየርፎክስ ያን ምርጫ የሚከተለው ገጹ በኮዱ ውስጥ «ቋንቋዬ አማርኛ ነው» ብሎ ከተናገረ ነው። ብዙ ሠሪዎች የእንግሊዝኛ አብነት ወስደው ጽሑፉን ብቻ ይቀይሩና የቋንቋውን ምልክት እንግሊዝኛ ላይ ይተዉታል። ለእንደዚያ ዓይነቶቹ «ላቲን» በሚለው ሥርም ትንሹን መጠን ከፍ ማድረግ ነው። ክሮም ውስጥም «አፒራንስ»፣ «ከስተማይዝ ፎንትስ» ሥር «ሚኒመም ፎንት ሳይዝ» አለ፤ እስከ 24 ይሄዳል፣ ግን ለሁሉም ቋንቋ በአንድነት ነው። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ፋየርፎክስና ኤጅ ላይ ኤፍ 9 ሲጫኑ ማስታወቂያው ሁሉ ይጠፋና ጽሑፉ ብቻ በፈለጉት መጠን ይቀራል።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፦ የቋንቋውን ምልክት አስተካክሉ። ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ አታድርጉ፤ የዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር ይጠይቃል፤ ጽሑፉ እስከ 200 ከመቶ ሲያድግም ገጹ መፍረስ የለበትም ይላል። ለአማርኛው ብቻ መጠን መጨመር ከፈለጋችሁ ሲኤስኤስ ውስጥ «ዩኒኮድ ሬንጅ» ከ1200 እስከ 137ኤፍ ሰጥታችሁ «ሳይዝ አጀስት» 115 ከመቶ በሉት። እንግሊዝኛው አይነካም፣ አማርኛው አጠገቡ ቆሞ አያንስም። ሁለት መስመር ኮድ ነው።

ጠበቃ_ሐዋሳ

እኔ የምሰቃየው በስካን ፒዲኤፍ ነው። የድሮ ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ነው፤ ስክሪን ላይ ሙሉ ገጽ ሲታይ አማርኛው ጉንዳን ያህላል። የአንቀጽ ቁጥሩ በግእዝ ሲሆንማ ፮ እና ፯ መለየት አልችልም።

መምህር_ተኮላ

አክሮባት ሪደር ላይ «ቪው»፣ «ዙም»፣ «ማርኪ ዙም» አለ። የአማርኛውን ዓምድ ብቻ በሳጥን ክበበው፤ መስኮቱን ሞልቶ ይመጣልሃል። እንግሊዝኛው ከዕይታ ይወጣል።

ጥገና_ፒያሳ

ለአንዲት ቃል ወይም ቁጥር ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍንና መደመርን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ማጉያው ይከፈታል። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤል ሲጫኑ እንደ አጉሊ መነጽር በመዳፊቱ ይንቀሳቀሳል። የዊንዶውስ ቁልፍና ኢስኬፕ ይዘጋዋል። ስካኑ በትንሽ ጥራት ከተነሳ ግን ማጉያው የሚያጎላው ብዥታውን ነው፤ ከተቻለ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) እንደገና ማስነሳት ነው።

ፊደል_ነዳፊ

ስካኑ ደህና ከሆነ ወደ ጽሑፍ መቀየርም ይቻላል። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ያነባል። ከዚያ በፈለጉት ፊደልና መጠን ያነቡታል። ነገር ግን ፕሮግራሙም የሚሳሳተው እኛ በምንሳሳትበት ቦታ ነው፦ «ቢ» እና «ቤ»፣ «በ» እና «ባ»፣ የግእዝ ቁጥሮች። ለንባብ ይጠቀሙበት፤ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ሲጠቅሱ ግን ከዋናው ገጽ ላይ ያመሳክሩ።

መምህር_ተኮላ

ይህ ስለ ማመሳከር ሲነሳ ለጠያቂዋ አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተሩ ፊደሉን በዓይን አያይም፤ ለእሱ «በ» እና «ባ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ መቼም አይምታቱበትም። ግልባጩን ተይበሽ ስትጨርሺ ኮንትሮል ኤፍ ተጫኚና «አለባት» ብለሽ ፈልጊ። ያለበት ቦታ ሁሉ በቢጫ ይታይሻል። እያንዳንዱን ከዳኛው የእጅ ጽሑፍ ጋር አስተያዪ። ቀጥሎ «አለበት»ን እንደዚያው። «ከሳሽ» እና «ተከሳሽ» ላይም ይሠራል፤ ያኔ ግን «ሆል ወርድስ» የሚለውን ምልክት አድርጊ፣ አለዚያ «ከሳሽ» ስትይ «ተከሳሽ»ንም ያመጣልሻል።

ግልባጭ_ጸሐፊ

ይህን ዛሬውኑ በአንድ ረጅም ውሳኔ ላይ ሠራሁበት። አንድ «አለበት» «አለባት» ሊሆን የሚገባው ነበር፤ ከመታተሙ በፊት ተገኘ። የዓይን ምርመራም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከዓይኔ እስከ ስክሪኑ 62 ሳንቲ ሜትር ነው። «ሆል ወርድስ» የሚለው ግን «ከሳሽ» ብዬ ስፈልግ «ከሳሽን» እና «የከሳሽ»ን ይዘላቸዋል።

መምህር_ተኮላ

አዎ፣ ቅጥያ ያለውን አያይም። ያለ ምልክቱ «ተከሳሽ»ን መጀመሪያ ፈልጊና «ሪፕሌስ» ውስጥ ቀለም እንዲቀባ አድርጊው፤ ቃሉን አትቀይሪ፣ «ፎርማት» ውስጥ «ሃይላይት» የሚለውን ብቻ ምረጪ። «ተከሳሽን»ም «የተከሳሽ»ም ይቀባሉ። ከዚያ «ከሳሽ»ን ስትፈልጊ ያልተቀባው ሁሉ ከሳሽ ነው ማለት ነው። ስትጨርሺ ሰነዱን በሙሉ መርጠሽ ቀለሙን አንሺው።